የተሠራውና የተበላው

ሚያዝያ ሃያ ቀን ጠዋት፣ የአልትራሳውንዱ ማሽን ከመከፈቱ በፊት፣ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። አብዲራሺድ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ክብደቱ ሰማንያ አንድ ኪሎ፣ የደም ግፊቱ መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስምንት። ቁርሱን ሁለት ፈጢራ ከእንቁላል ጋር በልቶ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት የወተት ሻይ ጠጥቶ፣ ከቤቱ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ድረስ በእግሩ መጥቷል። አመመኝ ብሎ አያውቅም፤ ሐኪም ቤት የሚገባው የታመመ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግቶ መብረዛ ይገባል፤ እዚያ ከሰፈር ወንዶች ጋር ፍራሽ ላይ ተጋድሞ እስከ ምሽት ጫት ይቅማል። ሲጋራም የሚያጨሰው እዚያው ነው፣ በቀን ስምንት። ሚስቱ ሸፊቃ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሷን ትራስ ላይ ካሳረፈች ሳትነቃ የሚነጋላት ሴት ነበረች።

ወደ ከዚራ የመጣው እሷ ስለለመነችው ነው። ሸፊቃ የምትሠራበት ጥናት በአንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ሦስት ክፍል ተከራይቷል። ጥያቄው ቀላል ነው። ዕድሜያቸው ከአርባ እስከ ስልሳ የሆነ፣ ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች የሚበሉት ምግብ በአንገታቸው ደም ቅዳ ቧንቧ ላይ ይታያል ወይ? በተለይ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ማንጎና ዘይቱን ውስጥ የሚገኙት አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የቧንቧውን ግድግዳ ከመወፈር ያዘገዩታል ወይ? ሸፊቃ ይህንን ለባሏ ስታስረዳው፣ የደም ቧንቧም እንደ ብረት ከውስጥ እየተበላ እንደሚሻክር፣ እነዚህ ምግቦች ያንን ይከላከሉ እንደሆነ ገና እየተጠና እንደሆነ ነገረችው።

«ብረት እንዳይዝግ የሚቀባው ግራሶ ነው በይኛ» አላት። «ምን ታስረዝሚዋለሽ።»

የእሷ ድርሻ የምግቡ ጎን ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ባለፈው አንድ ቀን ምን እንደበላ የሚጠይቁ ስድስት ሠራተኞች አሠልጥናለች። ከሁሉ አብልጣ የደጋገመችላቸው አንድ ነገር ነበር። የድሬዳዋ ሴት ምን ተበላ ሲሏት የሠራችውን ትቆጥራለች፤ ከሞያዋ ቀንሶ መናገር ነውር ይመስላታል። ስለዚህ የተሠራውን እንዳትጽፉ፣ የምትጽፉት አፍ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው ትላቸው ነበር። ማን በላው? ስንት ጉርሻ? ሳህኑ ላይ የቀረው የት ሄደ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ቅጹ ባዶ ነው።

ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሠራተኞች ዘመዶች ለመለማመጃ ይለኩ ተባለ። ሁለት ለኪዎች አንዱን አንገት በየተራ ለክተው ንባባቸው ምን ያህል እንደሚለያይ መታወቅ ነበረበት። ጤነኛ ሰው አምጡ ስለተባለ ሸፊቃ ባሏን አመጣች።

ማሽኑን የምትይዘው ዋርሳን፣ ከነርስ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሸፊቃ ጓደኛ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። አብዲራሺድ አልጋው ላይ ተጋድሞ አንገቱን ሲያዞርላት፣ ይሄ አንገት ስንት ኪሎ ጫት አሳልፏል እያለች ታሾፍበት ነበር። ቅባቱን ቀብታ መለኪያውን አስጠጋች። ወሬዋ ቀጠለ። ከዚያ ቆመ።

ሸፊቃ ቀና ያለችው በዝምታው ነው።

ዋርሳን ምስሉን አቁማ ለካች፤ ሰረዘችው፤ እንደገና ለካች። ሦስተኛውን ከለካች በኋላ እጇን አላነሳችም። በዚህ ዕድሜ የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ሰባት አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ እንዲሆን ይጠበቃል። የግራው ግድግዳ አንድ ነጥብ አንድ አራት ነው። ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ጉብታ አለ፤ ቁመቱ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሚሊሜትር።

«ምነው ዋርሳን» አለ አብዲራሺድ ጣሪያውን እያየ፣ «ሞተሩ አልነሳም አለ?»

«ይነሳል አቦ። ዝም ብለህ ተኛ።»

ሸፊቃ ስክሪኑ ላይ ያለውን ግራጫ ጉብታ እያየች አብሺርን አሰበች። አብሺር የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ በዚያው መብረዛ ውስጥ፣ ጉንጩ ላይ ቅጠል እንደያዘ ትራሱን ተደግፎ ዝም አለ። ጫት የቃመ ሰው መጀመሪያ ያወራል፣ በኋላ በሐሳብ ጭልጥ ይላል፤ ምርቃና ነው፤ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ማንም አልነካውም። ተሸክመው ሲያወጡት ቀኝ ጎኑ ሞቶ፣ አፉ ተጣሞ ነበር። በአራተኛው ቀን ተቀበረ።

ባሏ ከተለካበት ቀን ጀምሮ ሸፊቃ እንቅልፍ አጣች።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ በቅርቡ ከደጋ አገር ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው። አብዲራሺድን «እርስዎ» ይለዋል፤ አብዲራሺድ ደግሞ እንደ ድሬ ልማድ «አንተ» ይለዋል፤ አልተቀያየሙም። ሐኪሙ የኮሌስትሮል ኪኒንና አስፕሪን አንድ ላይ የታሸገ አዘዘለት። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከራት ጋር። በባዶ ሆድ ከወሰዱት ጨጓራዎን ይልጠዋል፣ ደም ሊያስተፋዎትም ይችላል ብሎ ጣቱን እያነሳ አስጠነቀቀው። ሲጋራ እንዲያቆም ነገረው። በመጨረሻም ጫት ይቅሙ እንደሆነ ጠየቀው።

«እንደ ሰው ነዋ» አለው አብዲራሺድ።

ሐኪሙ ካርዱ ላይ «አልፎ አልፎ» ብሎ ጻፈ። ሸፊቃ አየችው። ልታርመው አፏን ከፈተች፤ ባሏ በሰው ፊት እንዳያፍር ብላ መልሳ ዘጋችው።

ቤት እንደገቡ አዲስ ደብተር አወጣች። ቁርሱ የመንገድ ቁርስ ነው። ምሳውን ከሱቅ ጎረቤቶቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ሩዝና ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ። እሷ የምታዝበት ራቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ራቱን ያዘች። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ቀፊራ ወርዳ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያለውን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ስር ትመርጣለች። ፓፓያና ዘይቱን ስታገኝ ትቆርጣለች፤ ሎሚ ትጨምቅበታለች። እሷ ጎህ ሲቀድ ስለምትነሳ ቀድማ መኝታ ቤት ገብታ ትጋደማለች። ሳህኑን ከድና ጠረጴዛው ላይ ትተወዋለች። ጠዋት ስትነሳ ሳህኑ ባዶ ነው፤ ደብተሩ ላይ በግራም ትጽፈዋለች። ጎመን መቶ ሃምሳ። ካሮት ሰማንያ። ቀይ ስር መቶ።

የቃመ ሰው ራት እንደማያሰኘው በድሬዳዋ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሸፊቃም ታውቃለች። በፊት ባሏ ከመብረዛ ሲመለስ የሚቀምሰው ወተት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ግን፣ ፍርሃት የምግብ ፍላጎቱን መለሰለት ብላ አሰበች። እሷን ራሷን ፍርሃት ስንት ነገር አስለውጧት የለ። አልሐምዱሊላህ ብላ ጻፈች።

ኪኒኑን የሚገዛውም ኪሱ ውስጥ የሚይዘውም እሱ ነው፤ እንደ ሕፃን አትቁጠሪብኝ ስላላት አልቆጠረችበትም። በየጠዋቱ ወሰድክ ወይ ትለዋለች።

«እንደታዘዝኩት» ይላታል። ዓይኑ አይሸሽም። ባሏ ውሸት እንደማያውቅበት ሃያ ዓመት አይታለች፤ ትክክል ነበረች።

ጥቅምት ሃያ ቀን ስድስት ወር ሞላ። ዋርሳን በዚያው አልጋ ላይ፣ በዚያው ጎን፣ በዚያው ማሽን ለካችው። አንድ ነጥብ አንድ ዘጠኝ። ሁለተኛው ለኪ መጥቶ የዋርሳንን ንባብ ሳያውቅ ለካ፤ አንድ ነጥብ አንድ ዘጠኝ። ጥናቱ በሁለቱ ለኪዎች መካከል ያገኘው ልዩነት ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ነው። ይህ አምስት መቶኛ ነበር፤ የእጅ ስህተት አይደለም።

ሸፊቃ ደብተሯን ይዛ ዋርሳን ፊት ተቀመጠች። መቶ ሰባ ዘጠኝ ራት ተጽፏል። በጥናቱ ውስጥ እስከዚያ ቀን ከተመዘገቡት ሰዎች ሁሉ ከባሏ በላይ ቅጠላ ቅጠል የሚበላ አልነበረም። ኪኒን አለ፣ ጎመን አለ፣ ግድግዳው ግን እየወፈረ ነው። የሚታወቀው ነገር ሁሉ ተደርጎ ካልሠራ፣ ከዚህ በኋላ የሚደረገው የማይታወቅ ነው ማለት ነው። ይህንን ለዋርሳን ነገረቻት። ዋርሳን ምንም ቀልድ አላመጣችም፤ ሸፊቃን ይበልጥ ያስፈራት ይኸው ነበር።

በማግስቱ ሸፊቃ ሌላ ሰው አደረገው ሲባል ብትሰማ የምትቆጣበትን ነገር አደረገች። ከውጭ የሚገባ፣ ቢጫ፣ ዘይት የሞላው የቫይታሚን እንክብል ገዛች። በምግብ ውስጥ ያለውን ነጥሎ በእንክብል መዋጥ ልብንም ደም ስርንም እንዳልጠቀመ ቢሮዋ መደርደሪያ ላይ ያሉት ጽሑፎች ይናገራሉ፤ እሷም አንብባቸዋለች። ቢሆንም አንድ አንድ እያወጣች ከሳህኑ ዳር ታስቀምጥ ጀመር።

ሌላም ነገር ጀመረች። በየጠዋቱ በር ላይ ታቆመዋለች። ፈገግ በል ትለዋለች፤ የከንፈሩን ሁለት ጫፍ ታያለች። ሁለት እጅህን አንሳ ትለዋለች፤ አንዱ ወደ ታች ይሸሽ እንደሆነ እስከ አሥር ትቆጥራለች። ከዚያ ምላሱ አለመተሳሰሩን ለማወቅ የከተማውን ወንዝ ጠርታ «ደቻቱ ሞልቶ መጣ» በል ትለዋለች።

«ትራፊክ እንኳ እንደዚህ አያስቆመኝም» ይላታል እጁን ዘርግቶ። «ደቻቱ ሞልቶ መጣ። መንጃ ፈቃዴን መልሺልኝ።»

እሷ አትስቅም። ሱቅ ከሄደ በኋላ ስልኳ በጠራ ቁጥር ከማንሳቷ በፊት ልቧ አንድ ጊዜ ይዘላል። ሌሊት ትነቃና ትንፋሹን ታዳምጣለች። ቀን ደግሞ ሰው ቤት ገብታ ትናንት ምን በሉ ብላ ስትጠይቅ፣ የሚመልሱላትን ሳትሰማ አንገታቸውን ታያለች።

ከሦስተኛው ልኬት በፊት የሆነው እንዲህ ነው። ኅዳር ውስጥ፣ አርብ ቀን ነበር። አርብ ከጁምዓ በኋላ አብዲራሺድ ምሳውን ቤቱ ይበላል። ሩዙ ቀርቧል። ሙዙን አንስቶ መላጥ ጀመረ፤ ሙዙ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሰው ዕቃ ሲወድቅበት እንደሚያደርገው አልደነገጠም። እጁን ተመለከተ። ጣቶቹን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል አስተውሎ ተመለከታቸው።

ሸፊቃ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት።

«ደቻቱ ሞልቶ መጣ በል።»

ከአፉ የወጣው ቃል አልነበረም። በወፍራም ጨርቅ ውስጥ የሚነገር ድምፅ ነበር። ዓይኑ ግን ሙሉ በሙሉ ነቅቷል፤ የሚሰማውን የራሱን ድምፅ ያውቀዋል፣ ይፈራዋል። ከንፈሩ በስተቀኝ ወርዷል።

እንዴት ደጅ እንዳወጣችው በኋላ ልታስታውስ አልቻለችም። የጎረቤት ልጆች እንዳገዟት ነገሯት። ባጃጅ ውስጥ ቀኝ እጁን ይዛ ስትጨብጠው አይመልስም። አላህን ጠራች፤ አብሺርን አሰበች፤ ሰዓቷን አየች። ሃያ ሰባት። ሠላሳ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የተመለሰለት የእናቱ ቋንቋ ነው፤ በሶማልኛ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ፣ እሷ ምን እንዳለ አልያዘችም። ጣቶቹ በጣቶቿ ላይ ትንሽ ተጫኑ። የባቡር ጣቢያውን ሲያልፉ አንገቱን ወደ ሾፌሩ ዘንበል አደረገ።

«ቀስ በል» አለው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «የኋላ ፍሬንህ ሸራ አልቋል።»

ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያው ወጣት ሐኪም አገኛቸው። አብዲራሺድ እንደ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሏል። ሐኪሙ ይህ ስትሮክ ሊሆን መጥቶ የተመለሰ ነገር እንደሆነ፣ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከሁሉ የሚያሰጋውም የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት እንደሆኑ አስረዳቸው። ከዚያ ኪኒኑን ጠየቀ። ሸፊቃ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ መመለስ ጀመረች። በየቀኑ ይወስዳል፣ እንደታዘዘው፣ ከራት ጋር፤ ራቱም ይኸው፣ በግራም ተጽፏል። ሐኪሙ ደብተሩን አገላበጠና ግንባሩን ቋጠረ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚል ፊት ነበር። መጠኑን በእጥፍ ልጨምረው ነው ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ።

አብዲራሺድ እስክሪብቶውን አየ፤ ሚስቱን አየ።

«አንድ ነገር ልንገርህ ዶክተር» አለ። «ራት የበላሁ ቀን ሁሉ ወስጃለሁ። አንድም ቀን አልዘለልኩም፣ ወላሂ።»

«ራት የሚበሉት በሳምንት ስንት ቀን ነው?»

አብዲራሺድ ከኮቱ ኪስ ኪኒኑን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሚያዝያ ላይ የተገዛው ያው የመጀመሪያው እሽግ ነው፤ ሠላሳ ፍሬ። ሐኪሙ ቆጠረው። ወደ ሰባት ወር ሊሆነው ነው፤ ሰባት ፍሬ ገና አልተነካም።

«በባዶ ሆድ ደም ያስተፋሃል አልከኝ» አለ አብዲራሺድ። «እኔ ደግሞ የቃምኩ ቀን አልበላም። ረመዳን ቢሆን በየቀኑ እወስድልህ ነበር።»

ሐኪሙ ካርዱን መልሶ ገለጠ፤ «አልፎ አልፎ» የሚለውን የራሱን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ማንንም አልተቆጣም። ወጥቶ ነርስ ሊጠራ ሄደ።

ሸፊቃ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው። ያሠለጠነቻቸው ስድስት ሰዎች ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ቢጠይቋት ኖሮ አብቅቶ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ሳህኑን ማን ነበር የሚበላው?»

«ዓደን።»

ዓደን የሰፈሩ ዘበኛ ነው፤ ሰባዎቹን ያለፈ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ አዴር፣ አጎቴ፣ የሚለው ሽማግሌ፣ ከመንገዱ ጫፍ ካርቶን ላይ የሚቀመጥ።

«አዴር ዓደን?»

«ምግብ አይጣል። መልሼ ባስቀምጠው ልብሽ ይሰበራል። ሰደቃ ነው ብዬ አወጣለት ነበር» አላት። እጁን፣ ያንን ቀኝ እጁን፣ አንስቶ ፊቱን አበሰ። «ያቺን ቢጫ ነገር ግን አልወድም ብሎ መልሶልኛል። ሌላው ተስማምቶታል። ዓይኔ ጠራልኝ ይላል።»

ሳቅ አመለጣት። አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ሁለት መቶ ራት። መቶ ሃምሳ ግራም ጎመን፣ ሰማንያ ግራም ካሮት፣ ከሃያ ሦስት ምሽት በቀር አንዱም የእሱ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባሏ ምንም እንዳልታከመ ሰው እየኖረ፣ እሷ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ስትፈራ ነበር። አሁን የምትፈራው ሌላ ነው። የሚሠራው ነገር ገና አልተሞከረም፤ ለመሞከሪያ የተረፈው ጊዜ ግን ስንት እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለቱን ቀናት ሆስፒታል አሳለፉ። እሷ ወንበር ላይ ሆና በየሰዓቱ እጁን አስነሳችው። በሁለተኛው ቀን ተነጫነጨባት፤ በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይሆን ወጣ።

ኪኒኑ ወደ ምሳ ተዛወረ። ሸፊቃ ከቢሮ ኃላፊዋ አንድ ሰዓት ለመነች፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ በሳህን ይዛ ሱቁ ትደርሳለች። ጎረቤቶቹ ከትሪው ዘወር አደረጉትና ሙሽራው እያሉ ያሾፉበት ጀመር። ከመምጣቷ በፊት ሳህኑን ትመዝነዋለች፤ ሲጨርስ የተረፈውን ቢሮ ወስዳ ትመዝናለች። ሌላ አዲስ ደብተር ላይ ከመጀመሪያው ቁጥር ሁለተኛውን ቀንሳ እሱ የበላውን ብቻ ትጽፋለች። ኪኒኑን ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ይውጣል፤ አፉን ከፍቶ ያሳያታል። ለዓደን ደግሞ ራት ለብቻው ይሠራለታል፤ ያስለመዱትን ሽማግሌ መከልከል አልተቻለም።

ሲጋራውን አቆመ። ጫቱን አርባ ቀን ተወ። በአርባ አንደኛው ቀን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እገባለሁ አላት፤ ጓደኞቼን ካላየሁ ደግሞ በሌላ በሽታ እሞትብሻለሁ አለ። ተጣሉ። ሁለት ቀን አልተነጋገሩም፤ በር ላይ እጁን ሲያነሳ እንኳ በዝምታ ነበር። በመጨረሻ እሷ እሺ አለች፤ ግን እኔ መጀመሪያ ልግባ አለች።

ያ መብረዛ ሴት ገብቶበት አያውቅም። ሸፊቃ ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ቆመች። አሥራ አንድ ወንዶች ትራሳቸውን ለቀው ቀና አሉ፤ አንዱ ሽርጡን ሰብሰብ አደረገ። ለጥናቱ ሠራተኞች በምታስተምርበት ድምፅ አስተማረቻቸው። ሰው ዝም ሲል ምርቃና ነው አትበሉ። ፈገግ አስብሉት፣ ሁለት እጁን አስነሱት፣ ዓረፍተ ነገር አስደግሙት። አንዱን ካልቻለ ሰዓት ተመልከቱና ባጃጅ ጥሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በየሩብ ሰዓቱ እጅ ካነሳን ይሄ መብረዛ መሆኑ ቀርቶ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሊሆን ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ከጥጉ ሁዘይፋ የተባለው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«ከአብሺር ጎን የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ» አለ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁት። ዛሬ ደግ ሰሚ ሆንክልኝ አልኩት።»

ሳቁ ሞተ። ሁዘይፋ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከጎኑ ያለውም አነሳ። አንድ በአንድ አሥራ አንዱም አነሱ፤ ሸፊቃ እስከ አሥር ቆጠረች።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ረመዳን ሲገባ ኪኒኑን ወደ ማፍጠሪያ ወሰደችው፤ ሲወጣ ወደ ምሳ መለሰችው። አሥራ አንዱ ደቂቃ ተመልሶ አልመጣም፤ ፍርሃቷ ግን አልሄደም፤ ልክ እንደ ኩላሊት ጠጠር አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ፣ አንዳንድ ቀን እየወጋት አብሯት ኖረ። ሙዝ በወደቀ ቁጥር፣ እሱ ቃል በረሳ ቁጥር፣ ሰዓት ታያለች።

በሚቀጥለው ኅዳር የልኬቱ ቀን ደረሰ። ሸፊቃ ካርዱ ላይ ስም እንዳይጻፍ ጠየቀች፤ ቁጥር ብቻ። ዋርሳንም ሁለተኛው ለኪም አንዳቸው የሌላውን ሳያዩ ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲለኩ ጠየቀች። እሷ ክፍሉ ውስጥ አልገባችም። ከቪላው ግቢ ዛፉ ሥር ቆማ፣ ቢወፍር ምን እንደምታደርግ ልታስብ ሞከረች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምንም ዕቅድ አልነበራትም። መዳፏን ግንዱ ላይ አሳርፋ፣ በሩ ሲከፈት ላለማየት ዓይኗን ቅርፊቱ ላይ ተከለች።

ዋርሳን ወጥታ ወረቀቱን ሰጠቻት። ሸፊቃ ከላይ ጀምራ በተራ አነበበችው፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ ጉብታውን። የትኛው እንደሠራ አታውቅም፤ ኪኒኑ ይሁን፣ ሲጋራው መቅረቱ ይሁን፣ ጎመኑ ይሁን መለየት አይቻልም፤ አንድ ሰው ጥናት አይሆንም። ጉብታው አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው። የግራው ግድግዳ የስድስት ንባብ አማካይ አንድ ነጥብ ሁለት ዜሮ ነው፤ ካለፈው ዓመት ጥቅምት ወዲህ፣ በዓመት ከአንድ ወር ውስጥ፣ የጨመረው አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ ለኪዎች መካከል የሚጠበቀው ልዩነት ሦስት መቶኛ ነው፤ ወፈረ አያሰኝም።